ከጎረቤት አጥር የመጣ ዘር፦ አደንጓሬን በጓሮ ማልማትና መካፈል

እስቲ ዛሬ ወደ ጓሮዎ ብቅ ይበሉና አጥሩን ይመልከቱ። ዱባ ወይም ቅል ተንጠላጥሎበት ይሆናል፤ ጌሾም ተጠግቶት ይሆናል። ባዶውን የቆመ ከሆነ ግን ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእርስዎ ነው። አጥር ላይ ተጠምጥሞ በሁለት ወር ገደማ ለወጥ የሚሆን ለምለም ዛላ የሚሰጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ ለንፍሮ የሚሆን፣ ዘሩም በየዓመቱ ሳይገዛ ከራሱ የሚተካ ተክል አለና።

ይህ ተክል አደንጓሬ ነው። አንዳንዱ ቦሎቄ ይለዋል። በከተማ ደግሞ ለምለሙን ዛላ ከካሮት ጋር ጠብሰን ስንበላው ፎሶሊያ እንለዋለን። ብዙ ሰው ሦስቱን የተለያዩ ተክሎች አድርጎ ያስባል። ፎሶሊያና ቦሎቄ ግን አንድ ዝርያ ናቸው። ልዩነቱ ሰው ለምን እንደመረጠው ነው፤ ፎሶሊያ የሚባለው ዛላው ሥጋማና ለስላሳ እንዲሆን፣ ቦሎቄ የሚባለው ደግሞ ፍሬው እንዲበዛና እንዲያፈራ ተመርጦ የቆየው ነው። በመካከላቸው በየመንደሩ የሚገኙ፣ ለጋ ሳሉ ዛላቸው የሚበላ፣ ሲደርቁም ፍሬያቸው የሚቀቀል ብዙ ዓይነቶች አሉ። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡራቡሬ፣ ዥንጉርጉር። የዛሬው ጉዳያችን እነዚህ ናቸው።

አደንጓሬ የሚለው ስም ሌላም የቅርብ ዘመድ አለው። በደጋው አካባቢ አጥር ላይ ረጅም ሐረግ የሚጥል፣ አበባው ቀይ ወይም ነጭ፣ ፍሬው በጣም ትልልቅ የሆነ ዓይነት አለ፤ እሱም አደንጓሬ ይባላል። ሁለቱን መለየት ከፈለጉ ዘሩ ሲበቅል ይመልከቱት። የፎሶሊያው ዓይነት ሁለት ክፋይ ፍሬውን ተሸክሞ ከአፈር በላይ ይወጣል፤ ትልልቁ ዓይነት ግን ክፋዩን ከአፈር በታች ትቶ ቅጠሉን ብቻ ያወጣል። ይህ ልዩነት በኋላ ዘር ለመያዝ ሲያስቡ ይጠቅምዎታል።

ሁለቱም የመጡት ከአሜሪካ አህጉር ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን ከማቋረጡ በፊት በእኛ በኩል ያለው ዓለም አያውቃቸውም ነበር። እንግዳ ሆነው መጥተው ዛሬ ግን የእናቶቻችን ጓሮ ያለ እነሱ የማይታሰብ ሆኗል። እንደ በርበሬው፣ እንደ በቆሎው፣ እንደ ድንቹ ማለት ነው።

ሌላዋ ደብረ ዘይት

ደብረ ዘይት ሲባል ብዙዎቻችን ቢሾፍቱንና ሐይቆቿን እናስባለን። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የወንበራ ወረዳ መቀመጫ የሆነች ሌላ ደብረ ዘይት አለች። ከአሶሳ ስትታይ ከዓባይ ማዶ ናት። ወረዳው ከደጋው ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ይወርዳል። በዚያ ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አገው ጎን ለጎን ይኖራሉ። አገሩ የቀርከሃ አገር ነው፤ ዝናቡም ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ረጅም ክረምት ነው። ለአደንጓሬ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል? ድጋፍ የሚሆነው ቀርከሃ በደጅ፣ ውኃው ከሰማይ።

የመተከል ታሪክ ግን የመፈናቀልና የመስፈር ታሪክም ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሐዲያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ በለስ ሸለቆ፣ ወደ ፓዌ አካባቢ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። የማያውቁት አፈር፣ የማያውቁት ሙቀትና ወባ ጠበቃቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በተለይም በ2013 ዓ.ም. በዞኑ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሕይወቱን አጥቷል፤ ከመቶ ሺህ በላይ የሚሆነውም ከቀዬው ተፈናቅሏል። ብዙዎቹ ቻግኒ አጠገብ በነበረው መጠለያ ወራት አሳልፈዋል።

ይህን ያነሣነው ቁስል ለመነካካት አይደለም። የዘር ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። ሰው ሲሸሽ ልጁን ይይዛል፤ ከቻለ ከብቱን ይነዳል። በጎተራ የተንጠለጠለውን፣ በቅል የተቀመጠውን ዘር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ተመልሶ ሲመጣ እርሻው አለ፤ ጓሮው አለ፤ የሚዘራው የለም። እርዳታ የሚሰጠው ዘር በአብዛኛው የበቆሎ፣ የማሽላ ወይም የስንዴ ዓይነት ነው። ያም እሰየው ነው። አያትዬዋ ለዓመታት ስትመርጠው የኖረችው፣ በዚያ አጥር ላይ፣ በዚያ ዝናብ ውስጥ ሳይታመም የሚያፈራው ቡራቡሬ አደንጓሬ ግን በየትኛውም የእርዳታ ከረጢት ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቀደም ሲል ዘሩን ከእሷ በሲኒ ወስዳ በነበረች ጎረቤት ቤት።

ዘር መስጠት ደግነት ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። የሰጡት ዘር የእርስዎ መጠባበቂያ ነው። ቤትዎ ቢቃጠል፣ ነቀዝ ቢበላው፣ በረዶ ቢመታው የሰጡት ሰው ዘንድ ሄደው ይጠይቃሉ። ሁሉን ለብቻው የያዘ ሰው ግን የሚጠይቀው የለውም።

ከሞት የተረፈ ዘር

እንዲህ ያለ ታሪክ በሌላውም ዓለም አለ። እ.ኤ.አ. በ1838 እና በ1839 የአሜሪካ መንግሥት የቼሮኪ ሕዝብን ከደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች አስነሥቶ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር በክረምት ብርድ አስጓዘ። ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ግምት አራት ሺህ ያህል ሰው በዚያ ጉዞ አለቀ። የተረፉት ይዘውት እንደተጓዙ የሚነገርለት አንድ አደንጓሬ አለ፤ ፍሬው ጥቁር፣ ሐረጉ ረጅም፣ ለጋው ዛላ እንደ ፎሶሊያ የሚበላ፣ የደረቀው የሚቀቀል። ከዚያ ሕዝብ የተወለዱ ጆን ዋይች የተባሉ የኦክላሆማ የጥርስ ሐኪም ቤተሰባቸው ያቆየውን ይህን ዘር እ.ኤ.አ. በ1977 ለአንድ የዘር ጠባቂዎች ማኅበር አካፈሉ። ያ ማኅበር ከተመሠረተ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ዛሬ ያ አደንጓሬ በብዙ አገር ጓሮ ይበቅላል፤ ስሙም የዚያን የእንባ ጉዞ ስም ይዞ ቀርቷል።

በአገራችንም ዘርን ለማዳን የደከሙ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የዘር ባንክ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። ለረጅም ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ትልቁን አደጋ አዩ። የተራበ ገበሬ ዘሩን ይበላል፤ ወይም ይሸጣል። እሱ ከጠፋ ደግሞ ዝናቡ ቢመለስም የሚዘራው አይኖርም። ስለዚህ ባለሙያዎቻቸውን ወደ ገጠር ልከው የአገሩን ዘር ሳይጠፋ አሰባሰቡ። ዶክተር መላኩ ዘርን በማቀዝቀዣ ክፍል ብቻ ማስቀመጥ በቂ ነው ብለው አላመኑም፤ ዘር በገበሬው እጅ፣ በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ መቆየት አለበት የሚል አቋም ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙትም በዚህ ሥራቸው ነው። ከዚያ አስተሳሰብ የተነሣ በምሥራቅ ሸዋ እንደ እጀሬ ባሉ ቦታዎች ገበሬዎች የራሳቸውን የዘር ባንክ አቋቁመዋል። ገበሬው ዘር ይበደራል፤ አምርቶ ከጭማሪ ጋር ይመልሳል። በቃ፣ አሠራሩ ይኸው ነው። እናቶቻችን በሲኒ ሲያደርጉት የኖሩት ነገር በመጋዘን ሲደረግ ማለት ነው።

አዘራሩ

አደንጓሬ ውርጭ አይወድም፤ ብዙ ሙቀትም አይወድም። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ አበባው ይረግፋል። የወይና ደጋ አየር በጣም ይስማማዋል። ለዘር ብለው ሲዘሩት ጊዜውን ከመጨረሻው ጀምረው ይቁጠሩ። ዛላው የሚደርቀው ዝናብ ሲያቆም መሆን አለበት። እንደ ወንበራ ባለ ክረምቱ ረጅም በሆነ አገር በግንቦት የተዘራ አደንጓሬ በነሐሴ ዝናብ ውስጥ ደርቆ ይበሰብሳል፤ ወይም እዚያው ዛላው ውስጥ ይበቅላል። በሐምሌ አጋማሽና መጨረሻ የተዘራው ግን በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ይደርቃል። ለምለሙን ዛላ ብቻ ከፈለጉና ውኃ ማጠጣት ከቻሉ ውርጭ በሌለበት በማንኛውም ወር መዝራት ይችላሉ።

ሁለት ዓይነት አበቃቀል አለ። አንዱ ቁጥቋጦ ሆኖ ከጉልበት በታች ይቀራል፤ ቶሎ ይደርሳል፤ በአንድ ጊዜም ያፈራል። ሌላው ሐረግ ይጥላል፤ ይዘገያል፤ ግን ለሳምንታት እየለቀሙ የሚበሉት ነው። ጓሮዎ ጠባብ ከሆነ የእኛ ምክር ሐረግ የሚጥለው ነው፤ መሬት ሳይሆን ሰማይ ነው የሚወስደው። ለድጋፉ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀርከሃ ወይም እንጨት ይትከሉ፤ ሦስት አራቱን ከላይ አንድ ላይ ቢያስሩት ንፋስ አይጥለውም። የበቆሎ አገዳም ያገለግላል። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ አደንጓሬውን ከሥሩ ይዝሩት፤ እኩል ከዘሩዋቸው ሐረጉ በቆሎውን ይጎትተዋል።

ቁጥቋጦውን በመስመር ሲዘሩ በመስመሮቹ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር፣ በፍሬና በፍሬ መካከል ደግሞ አንድ ጋት ያህል ይተዉ። ጥልቀቱ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ውኃ የሚተኛበት ቦታ ከሆነ መደብ ከፍ አድርገው ይሥሩ፤ አደንጓሬ እግሩ ከረጠበ ይታመማል። አዲስ ፍግ አያብዙበት፤ ቅጠሉ ብቻ ይለመልምና ፍሬ ይነሣዎታል። ከሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች አሉ፤ በእነሱ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ያዘጋጁለታል። አንዱን ነቅለው እብጠቱን ቢሰነጥቁት ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። በዚህ ምክንያት አጨዳው ሲያልቅ ተክሉን ከመንቀል ይልቅ ከአፈሩ በላይ ቆርጠው ሥሩን እዚያው ይተዉት። ለቀጣዩ ጎመን ይጠቅመዋል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንንገርዎት። ጤዛ ሳይረግፍ ወይም ዝናብ እንዳቆመ በአደንጓሬው መካከል አይግቡ፤ አይልቀሙ፤ አይኮትኩቱ። የቅጠሉ በሽታዎች በእርጥብ ቅጠል ላይ በእጅና በልብስ ይተላለፋሉ። ለልጆችም ይህን ያስተምሩ። ጠዋት ጠዋት መልቀም ደስ ይላል፤ ግን ፀሐይ ቅጠሉን እስኪያደርቀው ይታገሡ።

ለቀማና ማድቤት

ቁጥቋጦው ከተዘራ ከ50 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ለምለም ዛላ ይሰጣል። ፍሬው ከዛላው ላይ ጉብ ጉብ ብሎ ከመታየቱ በፊት ይልቀሙት። ሲሰብሩት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ጊዜው ነው፤ ከታጠፈ አልፎበታል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ከለቀሙ ተክሉ ማበቡን ይቀጥላል፤ ዛላው እንዲደርቅ ከተዉት ግን ሥራዬን ጨረስሁ ብሎ ያቆማል። ስለዚህ ለመብላትና ለዘር የሚሆነውን ተክል ከመጀመሪያው ይለዩ።

የአገር ቤቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ በዛላው ጀርባ ላይ ክር አለው። ጫፉን ሰብረው ወደ ታች ሲስቡት አብሮ ይወጣል። ዛሬ በገበያ የምናየው ክር የሌለው ፎሶሊያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አሜሪካዊው የዘር ሰው ካልቪን ኪኒ ክር የሌላቸውን ተክሎች እየመረጠ በማርባቱ ነው። ጊዜ ይቆጥባል፤ አንክድም። ባለ ክሩ ግን ጣዕሙ የተሻለ ነው የሚሉ ብዙ እናቶች አሉ፤ እኛም ከእነሱ ጋር ነን። ደግሞም ልጆችን አጠገብ አስቀምጦ ክር እያስነቀሉ መጫወት ራሱ አንድ ነገር ነው።

አሠራሩን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪ ማርዳት እንዳይሆንብን እንፈራለን። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ዘይት፣ ካሮት፤ መጨረሻ ላይ ቃሪያ። ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢጨምሩበት በአደንጓሬው ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ ይወስደዋል። በአንጻሩ ከማዕዱ ጋር ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡና ብረቱ እንዳይወሰድ ያግዳል። ነፍሰ ጡር እናትና ታዳጊ ሴት ልጅ ያሉበት ቤት ቡናው ትንሽ ቢቆይ መልካም ነው።

የደረቀውን ፍሬ በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥሬ አደንጓሬ፣ በተለይ ቀዩ፣ መርዛማ ነገር አለበት። አራት ወይም አምስት ጥሬ ፍሬ ብቻ ሰውን ክፉኛ ሊያስታውክና ሊያስቀምጥ ይችላል። ልጆች ፍሬውን ለጨዋታ ሲወስዱት ወደ አፋቸው እንዳያስገቡ ይጠብቁ። ከመቀቀልዎ በፊት ሌሊቱን ይዘፍዝፉት፤ ውኃውን ይድፉት፤ በአዲስ ውኃ ይጣዱትና ፈልቶ እየተንተከተከ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ እስኪለሰልስ ያብስሉት። ለብ ባለ እሳት ላይ ብቻ የተጣደ አደንጓሬ መርዙ አይጠፋለትም። በደጋ አገር ውኃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ በጊዜው ላይ አይሰስቱ።

ዘር አያያዝ

የብዙ ቤት ስህተት እዚህ ጋ ነው። መልካም መልካሙን ዛላ ለድስት ለቅመን፣ ዘግይቶ የቀረውን፣ ኮስማናውን ለዘር እንተዋለን። እንዲህ ከተደረገ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዘሩ ይደክማል። ትክክለኛው ግልባጩ ነው። ገና በአበባው ጊዜ ይዙሩ፤ ጤነኛውን፣ ቀድሞ ያፈራውን፣ ዛላው የበዛለትን ተክል ይምረጡና ባለ ቀለም ክር ይሰሩበት። ከዚያ ተክል ማንም እንዳይለቅም ለቤተሰቡ ሁሉ ይንገሩ። ቢቻል ሃያ ያህል ተክል ይምረጡ እንጂ አንዱን ብቻ ይዘው አይቅሩ። ዛላው ላይ ጥቁር የሰመጠ ጠባሳ ወይም ውኃ የቋጠረ የሚመስል ቦታ ያለበትን ተክል ለዘር አይያዙ፤ በሽታው በፍሬው ውስጥ ገብቶ ወደሚቀጥለው ዓመት፣ ብሎም ዘር ወደሚሰጡት ጎረቤት ጓሮ ይሻገራል።

አደንጓሬ ለዘር ጠባቂ የተመቸ ተክል ነው። አበባው ገና ሳይከፈት ራሱን በራሱ ያዳቅላል። በመሆኑም ቀዩንና ነጩን በጥቂት ሜትር አራርቀው ቢዘሩ በአብዛኛው ሳይደባለቁ ይቆያሉ። ቀደም ሲል ያነሣነው ትልልቁ ዓይነት ግን ንብ ይፈልጋል፤ ጎን ለጎን ከተዘራ ቀለሙ ይደባለቃል። ከዘር ሱቅ በቆርቆሮ ወይም በከረጢት የሚገዛ ፎሶሊያ ዘሩ አይያዝም የሚል አስተሳሰብ አለ። በአብዛኛው እውነት አይደለም። ከራሱ ጋር ስለሚዳቀል ከዘንድሮው ያስቀሩት ለከርሞ ያንኑ ይሰጥዎታል። ቀለም የተቀባውን የሱቅ ዘር ግን በፍጹም እንዳይበሉት፤ መድኃኒት የተለወሰ ነው።

ዛላው ቢጫ ሆኖ ደርቆ፣ ሲነቀንቁት ፍሬው ሲንኳኳ ይልቀሙ። አይዘግዩ። አንዱ የነቀዝ ዓይነት እንቁላሉን የሚጥለው ገና ማሳ ላይ በደረቀው ዛላ ውስጥ ነውና። ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ በሰፌድ ላይ አስጥተው ያድርቁ። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ፍሬ በጥርስዎ ይንከሱት፤ ምልክት ካልተወ ደርቋል። በድንጋይ ሲመቱትም ከመጨፍለቅ ይልቅ መፈርከስ አለበት። በደንብ ያልደረቀ ዘር በጠርሙስ ተከድኖ ይሻግታል።

ነቀዝን በተመለከተ እናቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ አሁንም ይሠራል። የተነፋ ደረቅ የእንጨት አመድ ከዘሩ ጋር ያደባልቁ፤ አመዱ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት እስኪሞላ። ከዚያ ዕቃው ጢም ብሎ እስኪሞላ ጨምረው አየር እንዳያስገባ ይክደኑት። ለምግብ የሚሆነውን ደግሞ ለአንድ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ማሸት ነቀዙን ይከለክላል፤ ለዘሩ ግን አመዱን እንመርጣለን። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት በደንብ የደረቀውን ዘር በታሸገ ላስቲክ አድርጎ በረዶ ቤቱ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ቢያስቀምጠው እንቁላሉም ሆነ ትሉ ይሞታል። ሲያወጡት ላስቲኩን ወዲያው አይክፈቱ፤ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁ።

ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ዘር ሦስት ዓመት ያህል ይቆያል። ሁሉንም በአንድ ዓመት አይዝሩ፤ ጥቂት ያስቀሩ። በረዶ ወይም ድርቅ ዘንድሮ ቢያጠፋው የአምናው ይኖርዎታል። አሮጌ ዘር ካለዎትና ከተጠራጠሩ አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለአንድ ሳምንት ያቆዩ። ስምንቱ ከበቀሉ ደህና ነው፤ አምስቱ ከሆኑ እጥፍ አድርገው ይዝሩ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ጎረቤት ይጠይቁ። ይህን ሙከራ ለልጆች ቢሰጡ በየጠዋቱ ጨርቁን ገልጠው ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

መካፈሉ

አንድ የቡና ሲኒ ከመቶ በላይ ፍሬ ይይዛል። መቶ ፍሬ በጋት በጋት ሲዘራ አሥር ሜትር መስመር ይሆናል፤ ለአንድ ቤተሰብ ጓሮ መጀመሪያ ይህ በቂ ነው። ከደህና ተክል አንዱ ብቻውን ሃምሳና ከዚያ በላይ ፍሬ ሊሰጥ ስለሚችል የዛሬዋ ሲኒ በአንድ ክረምት ብዙ ሲኒ ትሆናለች። ሰው የሚሰስትበት ነገር አይደለም።

ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ መሃናይም ሲደርስ ሰዎች ምንጣፍና ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ይዘው እንደተቀበሉት በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17 ላይ ያነብባሉ። በዚያ አገርና በዚያ ዘመን የነበረው የእኛው ባቄላ እንጂ አደንጓሬ አልነበረም። ነገሩ ግን ያው ነው፤ ተሰድዶ ለመጣ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ያሰቡ ሰዎች ጥራጥሬውን አልረሱም። ከመፈናቀል የተመለሰ ቤተሰብ በሰፈርዎ ካለ ለበዓል ከሚወስዱት ዳቦ ጋር አንድ ሲኒ ዘር ይጨምሩ። ዳቦው በዕለቱ ያልቃል። ቋንቋችሁ ወይም ብሔራችሁ ቢለያይም የአደንጓሬ አዘራር ለመነጋገር ብዙ አማርኛ አይጠይቅም። የአንዱ ወገን እናት ለሌላው ወገን እናት የሰጠችው ዘር በጋራ አጥር ላይ ሲያብብ ደግሞ በየሳምንቱ ለመነጋገር ምክንያት ይሆናል።

በቤተ ክርስቲያን ያሉ የእናቶችና የወጣቶች ኅብረቶችም ይህን በቀላሉ ማድረግ ይችላሉ። በኅዳር አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እያንዳንዱ ያመረተውን ዘር ይዞ ይምጣና በጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ፤ የሌለው ይውሰድ፤ የወሰደው ለከርሞ እጥፉን ይመልስ። መዝገብ የሚይዝ አንድ ሰው ይመረጥ፤ ካልተመዘገበ ማን ምን እንደወሰደ በዓመቱ ይረሳል። ለሽያጭ ባይሆን ጥሩ ነው። ገንዘብ ከገባበት ብዙ ያለው ብዙ ይወስዳል፤ ምንም የሌለው ደግሞ ከሩቅ ቆሞ ይመለከታል።

ዘሩን ሲሰጡ በወረቀት ይጠቅልሉት እንጂ በላስቲክ አያፍኑት፤ በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ላስቲክ ውስጥ ይሻግታል። በወረቀቱ ላይ አራት ነገር ይጻፉ። ስሙን፤ ስም ከሌለው መልኩን። ከማን ወይም ከየት እንደመጣ። ሐረግ ይጥል ወይም ቁጥቋጦ ይሁን። ለለጋ ዛላው ወይም ለደረቀ ፍሬው የሚሻል መሆኑን። የሰጠችዎት እናት ማንበብ ባትችልም እርስዎ ይጻፉላት፤ ታሪኩን ስትነግርዎት ደግሞ አጥርተው ይስሙ፤ በየትኛው ዓመት ከየት ይዛው እንደመጣች፣ ማን እንደሰጣት። ዘሩ ሳይጠፋ ታሪኩ የጠፋበት ስንት አለ!

ለመጪው ሐምሌ የሚሆን ዘር ከሌለዎት የሚፈልጉበት ወር ጥቅምትና ኅዳር ነው። በዚያ ወቅት በሰፈርዎ ሲያልፉ አጥሮቹን ይመልከቱ፤ ደርቆ የተንጠለጠለ ዛላ ካዩ አንኳኩተው ይጠይቁ። ሰኔ ላይ ቢጠይቁ የተረፈው ሁሉ ድስት ገብቷል።